የመተንፈሻ አካል ፊስቱላና የሕዋስ ሕክምና፦ አጥቢያዎች ከመዋጮ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

በፎገራ ሜዳና በዙሪያው፣ ከወረታ እስከ ይፋግና አዲስ ዘመን ድረስ ባሉ አጥቢያዎች፣ ለታመመ ሰው ማዋጣት የቆየ ልማድ ነው። ዕድሩ ይሰበሰባል፤ ሰንበቴው ይመክራል፤ ከቅዳሴ በኋላ በዓውደ ምሕረት ይነገራል፤ ቤተሰቡም በሬውን ሸጦ ወይም የሩዝ ማሳውን አከራይቶ የጎደለውን ይሞላል። ይህ መረዳዳት ሊጠበቅ የሚገባው ሀብታችን ነው። ዳሩ ግን የሰው ላብ የሆነው ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚያስገኝ መመርመር የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ከአጥቢያዎች የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ ነው። ሳንባው ወይም የመተንፈሻ ቧንቧው ተበስቷል የተባለ ሕመምተኛ በውጭ አገር «ስቴም ሴል» በሚባል ሕክምና ይድናል ሲባል፣ አጥቢያው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? መዋጮውስ ይጀመር ወይስ ይቆይ? መልሱን በአንድ ቃል መስጠት አይቻልም። ሕክምናው ከንቱ ወሬ አይደለም፤ በታወቁ ሆስፒታሎች የተሞከረና አንዳንድ ሰዎችንም የጠቀመ ነው። ነገር ግን ገና በሙከራ ላይ ያለ በመሆኑ፣ ለብዙኃኑ ሕመምተኛ የሚበጀው መድኃኒት ከዚህ ቀድሞ የሚመጣና ለእኛም የቀረበ ነው። ይህን ልዩነት አውቆ መወሰን እንዲቻል ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን እናብራራለን።

፩. ፊስቱላ ምንድን ነው?

ፊስቱላ የሚለው ቃል ለምእመናኖቻችን እንግዳ አይደለም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቁመዋል። በኋላም በባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ተከፍቶ፣ በተራዘመ ምጥ የተጎዱ እናቶች በቅርብ የሚታከሙበት ዕድል ተፈጥሯል። በእነዚህ እናቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሽንት ፊኛና በመውለጃ አካል መካከል ሊኖር የማይገባው ቀዳዳ መፈጠሩ ነው። እንግዲህ ፊስቱላ ማለት ተለያይተው ሊኖሩ በሚገባቸው ሁለት የአካል ክፍሎች መካከል የተከፈተ ያልተገባ መተላለፊያ ማለት ነው። በወሊድ አካል ላይ እንደሚደርስ ሁሉ በመተንፈሻ አካልም ላይ ይደርሳል።

አየር በአፍና በአፍንጫ ገብቶ በማንቁርት በኩል ወደ ዋናው የአየር ቧንቧ ይወርዳል። ይህ ቧንቧ ደረት ውስጥ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሳንባ ይገባል፤ ከዚያም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ ይሰራጫል። ከዋናው የአየር ቧንቧ ጀርባ የምግብ ቧንቧ ይወርዳል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ሳንባና የደረት ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታም ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በጤናማ ሰው በእነርሱ መካከል አየር አይገኝም።

ከዚህ በመነሣት የመተንፈሻ አካል ፊስቱላን በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል የሚፈጠር ነው። አንዳንድ ሕፃናት ከዚህ ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፤ በዓለም ዙሪያ ከ2,500 እስከ 4,500 ከሚሆኑ ልደቶች በአንዱ እንደሚከሠት ይገመታል። ከተወለዱ በኋላም በካንሰር፣ የሚያቃጥል ኬሚካል በመጠጣት፣ ለረጅም ጊዜ በጉሮሮ በገባ የመተንፈሻ ቱቦ ምክንያት፣ እንዲሁም ሕፃናት ክብ የሰዓት ወይም የሪሞት ባትሪ በመዋጣቸው ሊፈጠር ይችላል። ሕመምተኛው የሚውጠው ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባው እየገባ በሳል ያንቀዋል፤ የሳንባ ምችም ይመላለስበታል።

ሁለተኛው ከሳንባ የአየር ቧንቧዎች በአንዱና በሳንባው ዙሪያ ባለው ክፍተት መካከል የሚፈጠር ነው። ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስፌቱ ሳይጠግግ ሲቀር፣ የሳንባ ነቀርሳ የሳንባን ሕብረ ሕዋስ ሲበላ፣ ወይም በወቅቱ ያልታከመ የሳንባ ምች መግል ቋጥሮ ወደ ክፍተቱ ሲፈነዳ ይከሠታል። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የትንፋሽ ማጠርና ጎን ሲቀይሩ የሚበዛ መግል የቀላቀለ አክታ ምልክቶቹ ናቸው። ሐኪም በደረቱ ቱቦ ሲያስገባ አየሩ በውኃው ጠርሙስ ውስጥ ያለማቋረጥ መንቦቅቦቁ ቀዳዳው አለመደፈኑን ያሳያል።

፪. ቀዳዳው በራሱ የማይደፈነው ለምንድን ነው?

በእጃችን ላይ የደረሰ ቁስል የሚድነው ዕረፍት፣ ንጽሕናና ደም ስለሚያገኝ ነው። የአየር ቧንቧ ቀዳዳ ግን ሦስቱንም ያጣል። ዐዋቂ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ እንኳ በደቂቃ ቢያንስ 12 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ይህ በአንድ ቀን ከ17 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ አየር በቀዳዳው ሲመላለስ ጠርዞቹ አይገናኙም። ክፍተቱ መግል ካለበት ደግሞ ኢንፌክሽኑ አዲስ የሚበቅለውን ሕብረ ሕዋስ ይበላዋል። የሕመምተኛው አካል በምግብ እጥረት ከተጎዳ፣ ወይም ቦታው ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምናና በጨረር ደሙ ከቀነሰ፣ የመጠገጊያው ኃይል ይደክማል።

ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ መምረግ ከንቱ ድካም መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ያሳደሰ ኮሚቴ ያውቀዋል። የሐኪሞችም አሠራር እንዲሁ ነው። አስቀድሞ መግሉ በቱቦ ይወጣል፤ ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት ይታከማል፤ ሕመምተኛው በበቂ ምግብ ይጠነክራል፤ መድፈኑ ከዚህ በኋላ ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሕክምና፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ብዙ ጊዜ አይሳካም።

የመድፈኛው ዋና መንገድ ዛሬም ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ቀዳዳውን ሰፍቶ በላዩ ላይ ሕያው ሕብረ ሕዋስ ያለብሰዋል፤ ይኸውም ከጎድን አጥንቶች መካከል ወይም ከጀርባ የሚመዘዝ ጡንቻ፣ አለዚያም ከሆድ ውስጥ የሚሳብ ሞራ ሊሆን ይችላል። ጡንቻው ወይም ሞራው ከነደም ሥሩ ስለሚመጣ ደም ላጣው ቦታ ደም ያደርስለታል። መግሉ አልነጻ ሲል ደግሞ በደረት ግድግዳ ላይ መስኮት ከፍቶ ለወራት እያጠቡ መቆየት አለ፤ ሊዮ ኤሌሰር የተባሉ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ይህን ዘዴ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የሕፃናቱን ፊስቱላ በአንድ ቀዶ ሕክምና ዘግቶ የምግብ ቧንቧን መቀጠል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካላቸው ደግሞ በአሜሪካ ሚሺጋን የነበሩት ዶክተር ካሜሮን ሄይት ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1941 ነበር። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ደረትን ሳይከፍቱ ብሮንኮስኮፕ በሚባል፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ገብቶ በሕክምና ሙጫ መድፈን፣ አየርን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ማስቀመጥ ወይም ድጋፍ የሚሰጥ ቱቦ መትከል ይቻላል።

፫. የዕድሳት ሕክምናው ምን ያደርጋል?

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ተሞክረው ያልተሳካላቸው፣ ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና የማይችሉ ሕሙማን አሉ። የሕብረ ሕዋስ ዕድሳት ሕክምና የታሰበው በተለይ ለእነዚህ ነው። ሐሳቡ ቀዳዳውን ከውጭ በመጣ ክዳን ከመድፈን ይልቅ የሕመምተኛው አካል ራሱ አዲስ ሕብረ ሕዋስ እንዲያበቅል ማገዝ ነው።

ለዚህ የሚያገለግሉት ግንደ ሕዋሳት ወይም ስቴም ሴል ይባላሉ። እነዚህ በአጥንት መቅኔና በስብ ውስጥ የሚገኙ፣ ራሳቸውን የማባዛትና ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ የመለወጥ ችሎታ ያላቸው ናቸው። ሐኪሞች ከራሱ ከሕመምተኛው መቅኔ ወይም ስብ ጥቂት ወስደው በቤተ ሙከራ ያባዟቸዋል፤ ከዚያም በቀዳዳው ዙሪያ ያስቀምጧቸዋል። ብዙ ሰው እነዚህ ሕዋሳት እንደ ጡብ ተደርድረው ቀዳዳውን የሚሞሉት ይመስለዋል። ተመራማሪዎች እንደተረዱት ግን ዋናው ሥራቸው መልእክት ማስተላለፍ ነው። በሚያመነጩት ንጥረ ነገር የአካባቢውን ብግነት ያበርዳሉ፤ የደም ሥሮችና ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳት ወደዚያ እንዲመጡ ይጠራሉ። ሠራተኛውን አስተባብሮ ለሥራ እንደሚያወጣ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው ማለት ይቻላል።

በጣሊያን ሚላን የሚገኙ ሐኪሞች ሳንባው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ፊስቱላ የተፈጠረበትን አንድ ሰው በዚህ መንገድ አክመዋል። ከራሱ የአጥንት መቅኔ የተባዙትን ሕዋሳት በብሮንኮስኮፕ አማካይነት በቀዳዳው ዙሪያ ወጉ፤ ከሁለት ወር ያህል በኋላም ቀዳዳው ተደፍኖ አገኙት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክም እንዲሁ፣ ተደፍኖ ዳግመኛ የተከፈተን ፊስቱላ ከሕመምተኛዋ ስብ በተገኙ ሕዋሳት አክመዋል፤ ሕዋሳቱ የተዘሩት በአካል ውስጥ ቀስ በቀስ በሚሟሟ ጨርቅ መሰል ነገር ላይ ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል።

የፈረንሳይ ሐኪሞች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ከሟቾች የተለገሰና በቅዝቃዜ የተጠበቀ ትልቅ የደም ቧንቧ ወስደው በተበላሸው የአየር ቧንቧ ቦታ ተኩ፤ እስኪጠነክርም ድረስ በውስጡ ደጋፊ ቱቦ አኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ዘገባ፣ ይህ ከተደረገላቸው 13 ሰዎች መካከል ወደ 4 ዓመት በሚጠጋ ክትትል 10ሩ በሕይወት ነበሩ።

የቁጥሮቹን ማነስ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንሻለን። በሚላን አንድ ሰው፣ በሮቸስተር አንዲት ሴት፣ በፈረንሳይ 13 ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ለብዙ ጊዜ ተመርጠው፣ ትልቅ ቡድን ተሰልፎላቸው፣ በቅርብ ክትትል የታከሙ ናቸው። አንድ ሰው ዳነ ማለት ሕክምናው ለሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ያለ ሕዋሱም ይደፈን እንደነበር በአንድ ሰው ብቻ መለየት አይቻልም። ይህን የሚለየው ብዙ ሰዎችን በማነጻጸር የሚደረግ ረጅም ጥናት ነው።

፬. ከስቶክሆልም የምንማረው

ይህን ጥንቃቄ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዕድሳት ሕክምና በዓለም ፊት ከፍ ብሎ የታየውም፣ ክፉኛ የወደቀውም፣ በአንድ የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ሕይወት ላይ ነው።

ይህ ወጣት በአይስላንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ በአየር ቧንቧው ላይ ዕጢ ወጣበት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 በስዊድን ስቶክሆልም፣ በካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ፓውሎ ማኪያሪኒ የታመመውን ቧንቧ አውጥተው በፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ ተኩለት። ፕላስቲኩ ከወጣቱ መቅኔ በተወሰዱ ሕዋሳት የተነከረ ስለነበር፣ ሕዋሳቱ አድገው ሕያው ቧንቧ ያደርጉታል ተባለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስኬቱ በዓለም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ ጋዜጦችም አስተጋቡት። ነገር ግን ሕብረ ሕዋሱ እንደተባለው አላደገም። ወጣቱ ተደጋጋሚ ስቃይና ሕክምና ካሳለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ዐረፈ፤ በምርመራም ፕላስቲኩ ቧንቧ ከተሰፋበት ተላቆ ተገኘ። በዚያው ሆስፒታል ተመሳሳይ ቧንቧ የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሕሙማንም ሞተዋል።

እውነቱን ያወጡት በዚያው ተቋም የሚሠሩ አራት ሐኪሞች ናቸው። የሕሙማኑን መዝገብ ከታተመው ጽሑፍ ጋር አስተያይተው፣ የተጻፈውና የሆነው እንደማይገጥም እ.ኤ.አ. በ2014 ለኃላፊዎቻቸው አመለከቱ። በመጀመሪያ ሰሚ አላገኙም፤ እንዲያውም ራሳቸው ተወቀሱ። በኋላ ግን ዘዴው በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በእንስሳት ላይ በበቂ ሁኔታ እንዳልተፈተነና የሥነ ምግባር ፈቃድ እንዳልተገኘለት ታወቀ። ማኪያሪኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሥራ ተሰናበቱ፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ2018 ተሻረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስቱ ሕሙማን ላይ በፈጸሙት ከባድ የአካል ጉዳት የ2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደባቸው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት የሕዋስ ሕክምና ሁሉ ውሸት ነው የሚል አይደለም። የሚላኑና የማዮው ሥራ በሌላ ዘዴ፣ በሌሎች እጆች የተሠራ ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፦ የሆስፒታሉ ስም ትልቅነት፣ የሐኪሙ ዝና፣ በጋዜጣ መውጣትም ቢሆን ሕክምናው እንደሚያድን ማረጋገጫ አይሆንም። በዓለም ከታወቁት አንዱ በሆነው ሆስፒታል ይህ ከደረሰ፣ በስልክና በደላላ ብቻ በሚታወቅ ክሊኒክማ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

፭. በእጃችን ያለው መድኃኒት

የወሊድ ፊስቱላን ሥራ የሚከታተሉ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ቀዳዳውን ከመስፋት ይልቅ እንዳይፈጠር ማድረግ ይቀላል። የሐምሊን ተቋም ለእናቶች የሚደርሱ አዋላጆችን ወደ ማሠልጠን የገባውም በዚህ ምክንያት ነው። የመተንፈሻ አካል ፊስቱላም እንደዚሁ ነው፤ ለመከላከሉም አጥቢያዎቻችን ማንም የማይተካው ድርሻ አላቸው።

የመጀመሪያው የሳንባ ነቀርሳ ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው አክታውን መመርመር ይገባዋል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር ሻል ሲለው ያቋርጣል፤ ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፤ ሳንባውንም ይበላል። ወደ ጸበል የሚሄድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ካህናት አጥብቀው ሊመክሩት ይገባል። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መነገሩ ይታወሳል፤ ለነቀርሳም ያው ምክር ይሠራል። በጸበል ቦታ መጠለያዎችና በአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ያድራል። ሰበካ ጉባኤው በግድግዳው ትይዩ ሁለት መስኮቶች ቢያስከፍትና የሚያስሉትን ቢያስመረምር፣ ይህ ትንሽ ወጪ የብዙ ወጣቶችን ሳንባ ያድናል።

ሁለተኛው የሕፃናት የሳንባ ምች ነው። ሕፃኑ በፍጥነት ሲተነፍስና የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ማደር አያስፈልግም፤ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ከሳንባ ምች ዋና መንሥኤዎች አንዱን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሰጣል። የክርስትና አባቶችና እናቶች የክትባቱን ካርድ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሦስተኛው አዲስ የተወለደ ሕፃን ነው። ከአፉ አረፋ የመሰለ ምራቅ የማይቋረጥ፣ ጡት ሲሰጠው የሚታነቅና የሚጠቁር ሕፃን የምግብ ቧንቧው ከአየር ቧንቧው ጋር ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ ውኃ ወይም ስኳር መስጠት ሁሉንም ወደ ሳንባው መላክ ነው። በአፉ ምንም ሳይሰጡት፣ ከእናቱ ገላ ጋር አሙቀው፣ ራሱን ቀና አድርገው፣ ምራቁን እየጠረጉ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ወደ አራስ ቤት የሚገቡ ካህናት ይህን ምልክት ቢያውቁ፣ ለአርባና ለሰማንያ ቀን ክርስትና የሚደርስ ሕፃን ሊበዛ ይችላል።

አራተኛው ክብ ባትሪ ነው። ሕፃን ከዋጠው በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ማቃጠል ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥም ወደ አየር ቧንቧው ሊበሳው ይችላል። ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ራጅ ወደሚነሣበት ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

፮. መዋጮ ከመጀመሩ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊስቱላው አስቀድሞ ከተፈጠረና ጥያቄው ለሰበካ ጉባኤ ከቀረበ፣ የሚከተሉትን በቃለ ጉባኤ ይዞ መመለስ ይጠቅማል።

፩ኛ፣ የበሽታው ስም በሐኪም ተጽፏልን? ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሪፈር ተጽፎለት በስፔሻሊስት ታይቷልን? በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሣ በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ እንደነበር የአካባቢያችን ሰው አይዘነጋውም። ትክክለኛው ምርመራ ሳይገኝ የሚወጣ ገንዘብ ሕመምተኛውን አይጠቅመውም።

፪ኛ፣ የተለመደው ሕክምና ተሞክሯልን? መግሉ ተቀድቷልን? የነቀርሳ መድኃኒቱ ተጨርሷልን? ቀዶ ሕክምና ይቻል እንደሆነ የደረት ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት እንደ ጥቁር አንበሳ ባለ ሆስፒታል ተጠይቋልን?

፫ኛ፣ የሚሰጠው ሕክምና የጸደቀ ነው ወይስ ሙከራ? ሙከራ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ሕመምተኛው በሚያውቀው ቋንቋ የተብራራ የስምምነት ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። በትክክለኛ መንገድ በሚካሄድ ጥናት ላይ የሚሳተፍ ሕመምተኛ ለሚሞከርበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ አይጠየቅም። በሙከራ ላይ ላለ ነገር ብዙ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ክሊኒክ ሊጠረጠር ይገባዋል።

፬ኛ፣ ከዚህ በፊት ስንት ሰዎች ታከሙ? ስንቱ ዳኑ? ስንቱ ሞቱ? ክሊኒኩ የዳኑትን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ መልሱ ሙሉ አይደለም። ያንኑ ሕዋስ ለዓይን፣ ለጉልበት፣ ለስኳርና ለሳንባ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚል ካለም ከእርሱ መራቅ ይሻላል።

፭ኛ፣ ሕመምተኛው ሲመለስ ማን ይከታተለዋል? በሕዋስም ሆነ በቱቦ የተደፈነ ቀዳዳ ተደጋጋሚ ምርመራ ይፈልጋል። እዚህ ያለው ሐኪም አስቀድሞ ካላወቀው ችግር ሲፈጠር መግቢያ ይጠፋል።

፮ኛ፣ ባይሳካስ? በሬው ተሸጦ፣ ማሳው ተከራይቶ ከተመለሰ፣ የቤቱ ልጆች ምን ይበላሉ? ይህን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም፤ ሕመምተኛውን ከሚወዱት መካከል ጥያቄውን ለማንሣት የሚደፍር ስለሚጠፋ ኃላፊነቱ በሽማግሌዎችና በካህናት ላይ ይወድቃል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ከተገኘና የሚያክመው ስፔሻሊስት ከደገፈው፣ አጥቢያው በሙሉ ልብ ሊያዋጣ ይችላል። መልስ ካልተገኘ ደግሞ ደብዳቤውን ማዘግየት ሕመምተኛውን መተው አይደለም። ለእርሱ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። የባሕር ዳርና የጎንደር የመኪና ኪራይ፣ የአስታማሚው ማደሪያ፣ መግሉ እየተቀዳ በሚቆይባቸው ረጅም ሳምንታት የሚበላው እንቁላልና ወተት፣ በሌለበት ጊዜ ማሳውን የሚያርምለት ደቦ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰዱን በየዕለቱ የሚጠይቀው ጎረቤት፤ እነዚህ ሁሉ በአጥቢያ አቅም የሚሠሩና ቀዳዳውን በመድፈን ላይ በቀጥታ የሚያግዙ ናቸው። በደንብ የተመገበና መድኃኒቱን የጨረሰ ሕመምተኛ፣ ነገ የዕድሳት ሕክምናው በጥናት ተረጋግጦ ወደ አገራችን ቢመጣ እንኳ፣ ሊጠቀምበት የሚችል አካል ይዞ ይጠብቃል።

የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች ስድስቱን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ጽፈው በመዝገብ ቤት እንዲያስቀምጡ፣ በሚቀጥለውም ስብሰባ ከአጥቢያው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር እንዲያነቧቸው በትሕትና እናሳስባለን።